ሦስተኛውን ግብዣ ስንጠብቅ፦ ከአመሩድ ወደ ቶስካና ኮረብቶች

ዓርብ ንጋት፣ አሥር ሰዓት ተኩል። አመሩድ

(ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን የለመደ አንባቢ እንደ ልማዱ ስድስቱን ያስላ።)

ኦስሎ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ንጋት የእኔ ሰዓት ነው። ሌላው ሰው ትራሱን ሲያገላብጥ እኔ የስቶቭነርን ቁልቁለት በበረዶ ወርጄ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ዛሬ በጨለማ ተነስቼ የገዛ መኪናዬን ሳስነሳ ምንም አልከበደኝም፤ እንዲያውም ለአንድ ጊዜ ያለ ዩኒፎርም መንዳቴ ደስ ብሎኛል። በፈረንጆቹ 2008 ጥቅምት ነው፣ ዒድ ካለፈ አሥር ቀን ገደማ። ብርዱ ጆሮ መቆንጠጥ ጀምሯል።

ከሰፈሬ ከስቶቭነር ብዙም በማትርቀው አመሩድ፣ እንደ ጎረቤት የምንተያየው አቦይ ወልዱ ከፎቁ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ግራጫ ባርኔጣ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አስመራ ተወልደው፣ አመሩድ ውስጥ የዚሁ ፎቅ ቫክትሜስተር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የተበላሸ በር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የቆመ ሊፍት፣ ሁሉም በእጃቸው አልፏል። ልጃቸው ሳባ የነርስ ልብሷን በካፖርት ሸፍና አጠገባቸው ቆማለች፤ ከዚሁ ወደ ሥራ ልትሄድ ነው።

"ሰይድ፣ መድኃኒቱ በግራ ኪሱ ነው። ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ።"

"እኔን ነው? ሰባ ሰው ጭኖ በረዶ ላይ የሚነዳን ሰው?"

"እሱ እኮ ነው የሚያሳስበኝ" አለች።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። አቦይ ወልዱ በአሥራ አራት ዓመታቸው አስመራ ውስጥ ሲኞር ኤንሪኮ የሚባል ጣሊያን ጋራዥ ገብተው መካኒክነት ተማሩ። አንድ ቀን ሲኞር ኤንሪኮ ሠራተኞቹን ጋራዡ በር ላይ አሰልፎ ፎቶ ሊያስነሳ ሲል የአቦይ እናት ምሳ ይዘው ደረሱ፤ እሳቸውንም ጎትቶ አቆማቸው። እናታቸው በዕድሜያቸው ካሜራ ፊት የቆሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞቱ። ፎቶው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሮ፣ ሲኞር ኤንሪኮ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ አብሮት ሄደ።

"ድምጿ አለ፣ እጇ አለ፤ ፊቷ ግን ጠፍቶኛል" ብለውኝ ነበር ባለፈው ክረምት። ይህን ሲሉ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር።

ሳባ በአሮጌ ፖስታ ላይ በተገኘ አድራሻ ደብዳቤ ጻፈች። ሲኞር ኤንሪኮ ሞቷል። መልሱ የመጣው ከልጁ ከካርላ ነው፦ አልበሙ እኔ ጋ ነው፣ ኑና እዩት። "እዩት" አለች እንጂ "ውሰዱት" አላለችም። በደብዳቤ የሰው ዕቃ ስጪኝ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ለአቦይ የማይታሰብ ነው። ፎቶውን ይዘው ይመለሱ ይሆን ወይስ ዓይተው ብቻ? ሳባ ፈቃድ ስላላገኘች፣ እኔ ደግሞ ያልወሰድኩት ዕረፍት ስላለኝ፣ መንገድ ስለምወድም፣ አሽከርካሪነቱ ለእኔ ወደቀ። በመንገዳችን የወይን አገሩን ኮረብታ ከተሞች እናያለን፤ እሁድ ቀትር ላይ ካርላ ዘንድ ምሳ፤ እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ከሮም በረራ፤ ሰኞ ጠዋት እኔ መሪዬ ላይ። ፕሮግራሙ የእኔ ነው፤ እንደ አውቶቡስ ሰሌዳ በደቂቃ የተሠራ።

ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኦርቪየቶ

ሮም ከአውሮፕላን ወርደን የተከራየናት መኪና አውቶቡሴ ውስጥ ተጭና ልትሄድ የምትችል ትንሽ ነጭ ፊያት ናት። መጠምዘዣ ላይ በልማዴ ሰፋ አድርጌ ስዞር አቦይ በሩን ጨብጠው "ወደይ፣ ልጄ፣ አሥራ ሁለት ሜትር የለንም እኮ" ይሉኛል። ካርታ አያስፈልገኝም ብዬ መንገድ ስቼ ሮም መሃል ገባሁ። ከዚያም ባዶ መንገድ በቀኜ ሳይ ሳላስብበት ገባሁበት። የአውቶቡስ መስመር ነው። አሥራ አንድ ዓመት በኮሌክቲቭፌልት፣ ለአውቶቡስ ብቻ በተለየው መስመር፣ የነዳ ሰው እግሩ ራሱ ይወስደዋል። ሞተር ላይ የተቀመጠች ሴትዮ መስኮታችንን ደብድባ ረጅም ንግግር አደረገች።

"ምን አለች?"

"ስለ ቤተሰብህ ጠየቀችህ" አሉ አቦይ፣ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ።

ኦርቪየቶ አለት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሩቅ ስትታይ ዳቦ የሚመስል ቢጫ ገደል፣ ጫፉ ላይ ጣሪያና ደወል። መኪናውን ታች አቁመን በሚንቀሳቀስ ደረጃ ወጣን። ካቴድራሉ ጎኑ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር፣ ፊቱ ወርቅማ፤ የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት አይን ያጭበረብራል። አቦይ አማተቡ፣ እኔ ባርኔጣቸውን ያዝኩላቸው።

ቡና ቤት ቆመን ማኪያቶ ጠጣን፣ ዘጠና ሳንቲም። በኦስሎ ዋጋ ብርጭቆውን ብቻ እንኳ አያስነካም። አስተናጋጁ ወጣት አቦይን ትክ ብሎ አያቸውና አንድ ነገር ተናገረ። አቦይ ሳቁ። "ጣሊያንኛዬ የአያቱን እንደሚመስል ነገረኝ። እንዲህ የሚያወራ ሰው ከሞተ ቆይቷል አለ።"

ማታ የደረስነው ሞንቴፑልቻኖ ግርጌ ያለ የገበሬ ማደሪያ ነው። የወይን ረድፎች እስከ መስኮቱ ድረስ ይመጣሉ። ባለቤቷ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ናት። ራት አቀረበች፤ ባቄላ በወይራ ዘይት፣ ዳቦ፣ አይብ። አንድ ጊዜ ከበላን በኋላ ጭልፋውን ይዛ መጣች። በቃን አልን። አልሰማችም። ደግማ መጣች፣ ሆዳችንን ይዘን ለመንናት። ሦስተኛ ስትመጣ ሳህናችንን ነጥቃ ሞላችው። እኔና አቦይ ተያየን፤ የናፈቀንን ነገር አገኘን።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ንግግር አደረግሁ። "አቦይ፣ ጣሊያን የእኛ ሰው ነው! ኖርዌጂያን አንዴ ይጠይቅዎታል፤ ‘ኔይ ታክ’፣ አይ ይብቃኝ፣ ካሉ አለቀ። እኔ ኦስሎ እንደገባሁ ቬስትሊ ሰፈር የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጋበዘኝ። ቫፍል በጃም አቀረበ። እኔ በጨዋ ደንብ በልቻለሁ አልኩት። ሳህኑን አንስቶ ወደ ኩሽና ገባ! ረሃቤን ታቅፌ ወጣሁ። እነዚህ ግን እንደ ወሎ ሰው ሦስቴ ይለምናሉ።"

"ሲኞር ኤንሪኮም እንዲህ ነበር" አሉ አቦይ። "ሦስቴ ካልለመነኝ ከምሳው አልቀምስም ነበር። እየሳቀ ይለምነኛል።"

በማስረጃዬ ላይ ማስረጃ ተጨመረ። እኔ ደግሞ ማስረጃ ሲበዛልኝ ወሬዬን የሚገታው የለም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሞንቴፑልቻኖ

ወይን ለቀማ ነው። ጭጋጉ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ኮረብቶቹ ብቻ ብቅ ብለዋል። ትራክተሮች ጥቁር ወይን የሞላ ጋሪ እየጎተቱ መንገዱን ይዘጋሉ፤ ማንም ክላክስ አያደርግም። እኔ እንኳ ዝም አልኩ። አስፋልቱ ላይ የተጨፈለቀ ወይን፣ በላዩ ንብ፣ አየሩ ጣፋጭና ኮምጣጣ።

ከተማዋ አንድ ረጅም አቀበት ናት። ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን የወጣ ሰው ይቺ አታስፈራውም ብዬ ተነሳሁ፤ ግማሹ ላይ ትንፋሼ አጠረ። አቦይ በከዘራ ቀድመውኝ ወጡ። የድንጋይ ቤቶች፣ አረንጓዴ መስኮት፣ በር ላይ የተሰቀለ የአሳማ እግር (አለፍኩት)፣ ከየቤቱ ሥር ቀዝቃዛ አየር የሚተነፍስ የወይን ጎተራ። አንዱ ጎተራ ገባን። ከቤት የሚበልጥ በርሜል፣ ጨለማ፣ እርጥብ እንጨት። አስጎብኚው ብርጭቆ ሲዘረጋ እኔ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

"ወይን አገር መጥተህ ውሃ?" አሉ አቦይ።

"የእኔንም እርስዎ ይጠጡልኝ።"

"ለጎረቤት ስል" ብለው ሁለቱንም ጨረሱ።

ወደ ፒየንሳ የሚወስደውን መንገድ ግን ማንም ሾፌር ሊነዳው ይገባል። መንገዱ በኮረብታው ጀርባ ላይ ይሄዳል፤ ግራና ቀኝ የታረሰ ግራጫ መሬት፣ ብቻውን የቆመ ቤት፣ ወደ ቤቱ የሚወስዱ ቀጫጭን የጥድ ሰልፎች። እየቆምኩ ፎቶ አነሳሁ። ጥዱን፣ ቤቱን፣ ጥዱንና ቤቱን፣ ከዚያ ፊያቷን ከጥዱ ጋር። ማታ ላይ የካሜራዬ ባትሪ ሞተ። ቻርጀሩ ስቶቭነር፣ ሶፋው ላይ ነው። ለነገሩ ማየት ያለብኝን ሁሉ አንስቻለሁ ብዬ አልተናደድኩም።

ፒየንሳ የበግ አይብ ትሸታለች። አቦይ ግንቧ ላይ ሆነው ታችኛውን አገር ያያሉ። ከዚያ ሳያዩኝ ጠየቁ።

"ሰይድ፣ ትሰጠኝ ይሆን?"

"ትሰጥዎታለች። ኑ ያለች ሴት ባዶ እጅ አትሸኝም።"

"ብትሰጠኝስ፣ ልቀበል?"

"እንዴታ! ግን ገና ስትዘረጋ መንጠቅ የለም። ለእሷም የአባቷ ማስታወሻ ነው። አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው በሁለት እጅ። የእኔ እናት እንኳን ፎቶ፣ ጨው ስትበደር እንዲህ ነበር የምትቀበለው።"

"እወ" አሉ ቀስ ብለው። "እንዲሁ ነው ደንቡ።"

እሁድ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። የካርላ ቤት

ካርላ የምትኖረው ከፒየንሳ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። ስድሳ የሞላት፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ በአጭሩ የተቆረጠ ሴት ናት። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው በወይን ቀልመዋል። ልጅነቷን ከእናቷ ጋር እዚሁ አሳልፋ አስመራን ረግጣ አታውቅም፤ አባቷን የምታውቀው በብዛት በደብዳቤ ነው። እጇን በሽርጥ ጠርጋ አቦይን ጨበጠቻቸው፤ ብዙም አልሳቀችም። ፈርታለች መሰለኝ። አቦይም ፈርተዋል። ያልፈራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ምሳው ከደጅ፣ በበለስ ዛፍ ሥር ነው። በእጅ የተድቦለቦለ ወፍራም ፓስታ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት። ሳባ በደብዳቤዋ ስለ እኔ ነግራት ኖሮ ለብቻዬ ያን ዕለት ጠዋት የተጨመቀ፣ ገና ያልቦካ የወይን ጭማቂ በማሰሮ ቀረበልኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጉሮሮ የሚያጣብቅ ጣፋጭ። ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ። አቦይና ካርላ በጣሊያንኛ ያወራሉ፤ አቦይ በየመሃሉ ይተረጉሙልኛል። ስለ ጋራዡ፣ ስለ ሲኞር ኤንሪኮ ቁጣ፣ ስለ ሞተር ድምፅ። ሲኞር ኤንሪኮ ሲናደድ መፍቻ ይወረውር እንደነበር አቦይ እየሳቁ ነገሯት። እሷ አልሳቀችም።

ከምሳ በኋላ አልበሙን አመጣች።

የጋራዡ በር። ሲኞር ኤንሪኮ ቁምጣ ለብሶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል። ሦስት ሠራተኞች። መሃል ላይ እጁ ዘይት የሆነ ቀጭን ልጅ፤ እሱ አቦይ ናቸው። ከጎኑ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ ይዛ፣ ካሜራውን ትታ ልጁን ታያለች።

አቦይ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ጣታቸውን ወደ ፎቶው አስጠግተው ሳይነኩት አቆሙት። 

ካርላ ፎቶውን አልበሙ ላይ ከያዙት የወረቀት ማዕዘኖች አላቃ፣ በሁለት ጣቷ ይዛ ዘረጋችላቸው።

"ሰጠችኝ" አሉኝ በአማርኛ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። "ኖ፣ ኖ፣ ሲኞራ። የአባትሽ ማስታወሻ ነው። አንቺ ጋ ይቀመጥ።"

አንድ፣ አልኩ በሆዴ።

ካርላ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። "ሲኩሮ?" አለች። እርግጠኛ ነህ ማለቷ ነው።

"ሲኩሮ" አሉ አቦይ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው።

ሁለት። ወንበሬን ደገፍ አልኩ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከእነማን እንደመጣን ያሳያል ብዬ ኮራሁባቸው።

ካርላ ፎቶውን ወደ ማዕዘኖቹ መለሰች። አልበሙን ዘጋች። ይዛው ወደ ቤት ገባች።

ቡና ይዛ ስትወጣ ሦስተኛው ከቡናው ጋር ይመጣል አልኩ። አልመጣም። ስንሰነባበት ለእኔ የወይራ ዘይት በጠርሙስ ዘረጋችልኝ። እኔም እንደ ደንቡ "አይ፣ አትቸገሪ" አልኩ፤ ጠርሙሱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። አንባቢ ሆይ፣ ያኔ እንኳ አልነቃሁም። በር ላይ ነው የምትለው፣ መኪናው ጋ ነው የምትለው እያልኩ ሞተር አስነሳሁ። ካርላ በር ላይ ቆማ እጇን አነሳች። መንገዱ ሲታጠፍ ጠፋች።

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ከኦርቪየቶ በታች፣ አውቶስትራዳው ላይ

ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻዬን አወራሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ፓስታው፣ ሰዓታችንን ስለማክበራችን። ነዳጅ ማደያ ቆሜ ውሃ ገዝቼ ስመለስ አቦይ ከመኪናው አልወረዱም። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

"አቦይ፣ ምነው? አመመዎት?"

"ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር" አሉ።

ውሃውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጥኩ።  የሰው ቤት ደንብ አውቃለሁ ባይ፣ አንድ ራት በልቶ ስለ አንድ አገር የሚያስተምር፣ ሰውየውን ሁለቴ እምቢ በል ብሎ የመከረ እኔ ነኝ። ካሜራዬ እንኳ ቢሠራ ኖሮ ቅጂውን ይዘን እንሄድ ነበር፤ እሱንም ጥድ ሳነሳበት ገደልኩት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አንተ ምን አደረግክ? እኔ ነኝ ሲኩሮ ያልኩት።"

"ሳባ ደብዳቤ ትጻፍላት። ትልክልናለች።"

"ኔይ!" አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። "ፊቷ ቆሜ አልፈልግም ያልኩትን ነገር በደብዳቤ ላኪልኝ ልበላት? ሰው ምን ይለኛል?" ትንሽ ቆዩና ድምፃቸው ወረደ። "ዛሬ እናቴን አየኋት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ግን እንደገና እየጠፋች ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ!"

እንባ ሲመጣብኝ አልወድም። ውሃውን አንስቼ ገባሁና መሪውን ጨበጥኩ። "እንመለሳለን።"

"አውሮፕላኑስ?"

"ነገም ይበራል።"

"የነገው ቫክትህስ፣ ሥራህስ?"

"እደውላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልቀረሁም፤ አንዴ ይቀየሙኝ።"

አውቶስትራዳ የፍጥነት መንገድ ነው፤ መሃሉ ላይ መዞር የለም። የሚቀጥለው መውጫ ድረስ ወደ ሮም ነዳሁ፤ አቦይ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ሲቆጥሩ ይሰማኛል። ወጥቼ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ የነዳሁትን ፍጥነት ሳባ ይህን ስለምታነብ አልጽፍም።

አቦይ በመንገድ ላይ ቃላት ይመርጣሉ። በጣሊያንኛ አንድ ነገር ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ "ስጡኝ" ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ያቀረበላቸውን የቤት ለቤት ረዳት እንኳ ለሚብስበት ይሁን ብለው የመለሱ።

"እኔ ልናገርልዎት? በእጄም ቢሆን አስረዳለሁ።"

"ዝም ብለህ ንዳ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሺም የምለው እኔ ነኝ።"

እሁድ፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ። እንደገና የካርላ በር

ካርላ ግቢው ውስጥ ቅርጫት እያጠበች ነበር። መኪናችንን ስታይ የረሳነው ዕቃ ያለ መስሏት ዙሪያዋን ተመለከተች። አቦይ እኔ በሩን እስክከፍትላቸው አልጠበቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ሁሉ መንገድ የመረጧቸው ቃላት የት እንደገቡ አላውቅም፤ የተናገሩት አጭር ነበር። ኋላ ላይ ተርጉመውልኛል።

"ሲኞራ፣ ዋሽቻለሁ። እፈልጋታለሁ።"

የውሃው ቱቦ ከካርላ እጅ ወድቆ መሬቱን ማጠብ ቀጠለ። እሷ አላነሳችውም። ከዚያ ፈጥና፣ እንደ ተቆጣ ሰው መናገር ጀመረች። አቦይ እየሰሙ ግማሹን ለእኔ ይተረጉማሉ፤ ነገሩ እንዲህ ነበር፦

"አባቴ ሕይወቱን ሙሉ አዞሃል። ና ሲልህ መጥተሃል፣ ሂድ ሲልህ ሄደሃል። መፍቻ ወርውሮብሃል። ዛሬ ቤቴ መጥተህ አይ አልክ። እርግጠኛ ነህ ብዬ ጠየቅኩህ፤ ነኝ አልክ። የእሱ ልጅ ሆኜ፣ አይደለም፣ ውሰድ ብዬ ደግሜ ላዝዝህ? አልቻልኩም። ከእኛ ምንም እንደማትፈልግ ነው የገባኝ። ከሄዳችሁ በኋላ ምሳውን እንኳ ማንሳት አቃተኝ።"

 አቦይ ደንባችንን አስረዷት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ። ካርላ ሦስተኛው ጣት ላይ አፏን በእጇ ያዘች፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልለየሁትም። ሁለቱም ይመስለኛል። እኔ ሄጄ ቧንቧውን ዘጋሁ።

ቤት ገብታ ፖስታ ይዛ ወጣች። ፖስታው አዲስ አልነበረም፤ የአቦይ ስም በሰማያዊ ቀለም፣ በተጠነቀቀ ፊደል ተጽፎበታል። ደብዳቤያችን በደረሰ ሳምንት አዘጋጅታው መሳቢያ ውስጥ ኖሯል። ፎቶውን ከአልበሙ አውጥታ ከተተችበትና ዘረጋችላቸው። አቦይ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አንዴም እምቢ አላሉም። የወይራ ዘይቱን ለእኔ ስትዘረጋልኝ ገና ከእጇ ሳይወጣ ወሰድኩት።

አውሮፕላኑ ያለ እኛ በረረ። ለሥራ ኃላፊዬ ደውዬ ነገ አልመጣም ስለው "አንተ? ታመሃል?" አለኝ። አልታመምኩም አልኩት። ኖርዌጂያን ነውና ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ጠባያቸው አመሰገንኳቸው።

ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አመሩድ

ኦስሎ ዝናብ ነው። የአመሩድ ፎቆች እንደተውናቸው ቆመዋል፤ ቅጠሉ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ረግፏል። አቦይ ከሮም እስከዚህ ፖስታውን ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ አላወጡትም፤ በየጥቂቱ ግን እጃቸውን እየሰደዱ ይዳስሱታል። ሻንጣቸውን ልይዝላቸው ስል ወዲያው ሰጡኝ።

ሳባ ከሥራ መልስ አልተኛችም፤ በሩን የከፈተችው ገና ሳናንኳኳ ነው። ስለ አውሮፕላኑ ልትቆጣኝ አፏን ስትከፍት አባቷ ፖስታውን አወጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ መተላለፊያው መብራት ሥር ፎቶውን ሰጧት።

ሳባ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየችው። ሲኞር ኤንሪኮን አለፈች፣ ሠራተኞቹን አለፈች፣ አባቷን እንኳ አለፈች። ነጠላ የለበሰችዋ ሴት ላይ ዓይኗ ቆመ።

"ይቺ ናት?" አለች። "አባባ፣ ልጅ ናት እኮ! ከእኔ ታንሳለች።"

"እወ" አሉ አቦይ ወልዱ። ግድግዳውን ተደግፈው ፎቶውን በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው ያያሉ። "ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አሮጊት ስፈልግ ኖሬ ነው ያጣኋት።"